ከገፈርሳ እስከ መካኒሳ፦ አንድ ውሃ፣ ሁለት ሑክም



የጠሃራን ትምህርት ለልጆች ስናስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። በየዓመቱም የምንጀምረው ከውሃ ዓይነቶች ነው። ውሃ በተፈጥሮው እንዳለ የቆየ እንደሆነ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ሌላውንም ያነጻል። ነጃሳ ገብቶበት ከሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ከቀለሙ፣ ከጣዕሙ ወይም ከሽታው አንዱ የተለወጠ እንደሆነ ግን ዉዱእ አይደረግበትም። ተማሪዎቻችን ይህንን በቃላቸው አንበልብለው ይወጡታል። ባለፈው ጥቅምት ወር ታዲያ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ በሰፈራችን በሚያልፈው ወንዝ ዉዱእ ማድረግ ይቻላል?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም። ልጁ ቀጠለና «ከላይም እንዲሁ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለን።

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከመጽሐፍ ይልቅ በእግራችን ሄደን ልንፈልገው ወሰንን። ወላጆችን አስፈቅደን፣ ትላልቆቹን ተማሪዎች ይዘን፣ ቅዳሜ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ገፈርሳ ተነሣን።

ወደ ውሃው ራስ

ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው ዊንጌትንና አስኮን አልፎ ቡራዩ ይገባል። ቡራዩ እንደ ሰበታና እንደ ሱሉልታ ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ቤቱ እየሳሳ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ሲሄድ የገፈርሳ ውሃ ከመንገዱ ዳር ብቅ ይላል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሣሩም አደይ አበባ ለብሶ ነበር። በዳርቻው ዝዮች ይግጣሉ። ከእነርሱም መካከል ክንፉ ሰማያዊ የሆነው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ዓለም የማይገኘው ዝይ አለ። ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ሱብሓነላህ!» ያለው ያው ጠያቂው ልጅ ነው፤ እየለመነን አብሮን መጥቶ ነበር።

ይህ ውሃ የተጠራቀመው ትንሹ አቃቂ ከሚባለው ወንዝ ነው። ወንዙ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ይነሣል። ግድቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 እስኪደርስ ድረስ የአዲስ አበባ ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። ዛሬም የምዕራቡን የከተማ ክፍል ያጠጣል። የማጣሪያ ጣቢያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ሊትር ያህል ለማጣራት የተሠራ ነው። ውሃው በአሉም ደለሉ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ በአሸዋ ይጣራል፤ በክሎሪን ይታከማል፤ ከዚያም ወደ ከተማው ይወርዳል። እንግዲህ ብዙዎቻችን ጧት ጧት ዉዱእ የምናደርግበት ውሃ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ቢሆን ነገሩ ያለ ስጋት አይደለም። ከግድቡ ዙሪያ ያለው መሬት በታረሰና በተራቆተ ቁጥር ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ያመጣዋል። አፈሩ የውሃውን ቦታ ይይዛል፤ ውሃውን ስለሚያደፈርሰውም የሚጨመረው አሉም ይበዛል። ከላይ በኩል ሌላ ትንሽ ግድብ የተሠራውም ደለሉን አስቀድሞ እንዲያስቀር ተብሎ ነው። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ ደግሞ በውሃው ላይ አረንጓዴ አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል።

በመንገዱ ዳር ከብቶቻቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላም አልናቸው። «አባባ፣ ይህን ውሃ እርስዎ ይጠጡታል?» ብለን ጠየቅናቸው። ፈገግ አሉና «እኛ ከምንጭ ነው የምንቀዳው። ይሄ ወደ እናንተ ነው የሚሄደው፤ እኛ እናየዋለን፣ እናንተ ትጠጡታላችሁ» አሉን። ጥቂት አስበውም «ልጆቼ፣ ከብቶቼን ከውሃው ዳር የማርቀው ለዚሁ ብዬ ነው» ሲሉ ጨመሩ። እኒህ ሰው የማያውቁት የከተማ ሰው እንዳይጎዳ ብለው ከብቶቻቸውን ያርቃሉ። እኛስ ከእኛ በታች ላለው ምን እናደርጋለን? ይህ ጥያቄ እስከ ቤታችን ድረስ ተከተለን።

ዙህርን እዚያው በሜዳው ሰገድን። ዉዱእ ያደረግነው ከጀርባ ካለ አንዲት ምንጭ በወረደ ጅረት ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ነበር።

ቁልቁል

በማግስቱ እሑድ ያንኑ ወንዝ ተከትለን ወደ ታች ወረድን። ትንሹ አቃቂ ከግድቡ በታች በቡራዩና በኮልፌ በኩል አድርጎ፣ ወደ መካኒሳና ጎፋ ወርዶ፣ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የሚገጥመው ብዙ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ የቄራ ደም፣ የቆዳ ፋብሪካና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ እርሱ ይገባል። ቆዳ ሲለፋ ፀጉሩን ለማንሣት ኖራና ድኝ ያለበት ኬሚካል፣ ቆዳው እንዳይበሰብስ ለማድረግ ደግሞ ክሮሚየም የሚባል ብረት ይጠቀማሉ። ሳይጣራ የተለቀቀ እንደሆነ ይህ ሁሉ ወንዙ ውስጥ ይቀራል።

መካኒሳ ድልድይ ላይ ስንደርስ ልጆቹ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ውሃው ጥቁር ነው፤ በላዩም አረፋ ይሄዳል፤ በፌስታል የተሞላ ነው። ሦስቱን ምልክቶች እንዲፈትሹ ጠየቅናቸው። ቀለሙ ተለውጧል። ሽታው ተለውጧል። ጣዕሙን ለመሞከር ግን የደፈረ የለም። ትናንት ከላይ ያየነውና ይህ አንድ ወንዝ ናቸው፤ ሑክማቸው ግን ሁለት ሆነ። ነጃሳው የለወጠው ውሃ ዉዱእ እንደማይደረግበት የታወቀ ነው። በኬሚካል የተለወጠውም ቢሆን ነጃሳ ባይባል እንኳ «ውሃ» የሚለው ስሙ እስኪጠፋ ድረስ ከተለወጠ ሌላውን ማንጻቱ ይቀራል። አላህ (ሱ.ወ.) አንጺ አድርጎ ያወረደውን ነገር በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ እኛ አበላሸነው።

ከወንዙ ግራና ቀኝ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ለምለም ብሎ በቅሏል። የሚጠጣውም ይህንኑ ውሃ ነው። አጥኚዎች በዚህ ወንዝ ዳር በሚበቅሉ አትክልቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ። ጀርም በማጠብና በማብሰል ይቀንሳል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበው ብረት ግን በመታጠብም በመቀቀልም አይወጣም።

ወንዙ ከአባ ሳሙኤል በኋላ ከአዋሽ ይቀላቀላል። ከአዋሽ ቆቃ ግድብ ይሞላል፤ የአዳማ ሕዝብ አጣርቶ ይጠጣል፤ የአፋር አርብቶ አደር ወገኖቻችን ራሳቸውና ግመሎቻቸው ይጠጣሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በአፋር ምድር ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ያፈሰስነውን ቆሻሻ ወስዶ የሚያስቀርልን ባሕር የለም።

የመርከቧ ምሳሌ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ስለ አንዲት መርከብ ምሳሌ ሰጥተዋል። ሰዎች ዕጣ ተጣጥለው ግማሾቹ ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች ተሳፈሩ። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ሁልጊዜ በላይኞቹ ዘንድ ማለፍ ነበረባቸውና እነርሱን ላለማስቸገር ሲሉ በራሳቸው ክፍል ቀዳዳ ሊበሱ አሰቡ። ላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ። «የራሴ ግቢ ነው፣ የራሴ ቱቦ ነው» የሚል ሁሉ የዚህችን መርከብ ሰዎች ማስታወስ ይገባዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ የሚበሱት የላይኞቹ፣ የሚሰጥሙት የታችኞቹ ሆነው እናያለን።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካዎች ብቻ ተናግረን ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። ከድልድዩ ላይ ሆነን ስናይ አንድ ነገር አንገታችንን አስደፋን። ባለፈው አረፋ የኡድሒያውን ፈርስና አንጀት በማዳበሪያ ሞልተን ከሰፈራችን ድልድይ ወደ ወንዝ የወረወርነው እኛው ነን። ከዚህም ይከፋል፤ የምናስተምርበት መድረሳ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ የሚወርደው ወደዚያው ወንዝ ነው። ጠያቂው ልጅ ይህን ያውቅ ነበር። ቱቦውን በመስኮት ያየዋልና። ስለ ንጽሕና እያስተማርን ወንዙን እናረክስ ነበር። አላህ ይቅር ይበለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረዋል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም አስተምረዋል። ከዚህ ተነሥተን እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለውን እንጠቁም።

አንደኛ፣ የአረፋ ቀን ፈርሱንና ደሙን ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፤ ቦታ የሌለው በጎረቤት ተባብሮ ለቆሻሻ መኪና ማስረከብ። የተቀበረው ፈርስ ከርሞ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የተጠበሰበትን ዘይት፣ የመኪና ዘይትንና ያለቀ የባትሪ ድንጋይን ከቦይ ማራቅ። ልብስ ወንዝ ዳር የሚያጥብ ውሃውን ቀድቶ ከዳርቻው ርቆ ይጠብ፤ እጣቢውንም አፈር ላይ ይድፋ።

ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት።

አራተኛ፣ ውሃን አለማባከን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ነው፤ ይህም በሁለት መዳፍ የሚታፈስ፣ ከአንድ ሊትር የሚያንስ ነው። ተማሪዎቻችን ከቧንቧ ዉዱእ ሲያደርጉ ከሥር ባልዲ አስቀምጠን ብንለካ ከአምስት ሊትር በላይ ሆነ። በማንቆርቆሪያ ያደረገው ግን አንድ ሊትር ተረፈው። ያልባከነ ውሃ ወደ ቦይ አይወርድም።

አምስተኛ፣ ፌስታልን መተው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፌስታል አጠቃቀምን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እናቶቻችን ይዘውት ይወጡ የነበረው ዘንቢል ዛሬም አላረጀም።

ስለ አየርም አንድ ቃል እንበል። ከገፈርሳ ስንመለስ ከተማዋ በጭስ ተሸፍና ታየችን። በብርዳማ ወራት ጧት ጧት ቀዝቃዛው አየር ከሥር ስለሚተኛ የማገዶው፣ የመኪናውና የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም ማድ ቤት የሚውሉ እናቶችና ጀርባቸው ላይ ያሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ መብራት ያለው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር፤ የሌለው በሦስት ጉልቻ ፋንታ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይያዝ፤ ማድ ቤቱም የጭስ መውጫ ይኑረው። ከሰል በተዘጋ ክፍል አቀጣጥሎ መተኛት ሽታ በሌለው መርዝ ቤተሰብ ይጨርሳልና አይሞከር። ፌስታልና ጎማ ማቃጠልም መርዙን ከመሬት ወደ ሳንባ ማዛወር ነው።

የግለሰብ ጥረት ብቻ ግን አይበቃም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅን አይቶ ለሚመለከተው አካል ማመልከት የመርከቧን በሺ እጅ መያዝ ነው።

እኛም ከራሳችን ጀመርን። የጉዞው ሳምንት ሳያልፍ ወላጆችን ሰብስበን ስለ ቱቦው ተናገርን። አንዳንዱ «ሁሉም ሰፈር እንዲሁ ነው» አለ። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጆቻችሁ ያዩትን እናንተ አላያችሁም?» ሲሉ ግን መዋጮው ተጀመረ። ሴፕቲክ ታንክ ለማሠራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ግማሹ ተሰብስቧል። ቱቦው እስካሁን አልተዘጋም፤ በመስኮት በኩል ይታያል። ኢንሻአላህ ከመጪው ክረምት በፊት እንዘጋዋለን ብለን ለልጆቹ ቃል ገብተናል። ጠያቂው ልጅም በየሳምንቱ «ኡስታዝ፣ ስንት ቀረን?» እያለ ይቆጣጠረናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ከላይ ንጹሕ አድርጎ የሰጠንን ለታችኞቹም ንጹሕ አድርገን የምናሳልፍ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።