ክንዴ ላይ የነበረው ቱቦ

ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ አንዲት ቀጭን ቱቦና ስለ አንድ ሌሊት ነው።

በምንኖርበት በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ ስጀምር፣ በመርፌ ብዛት ደም ሥሬ አልገኝ አለ። መድኃኒቱ ደግሞ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞቹ «ፒክ ላይን» የሚሉትን ቱቦ በላይኛው ክንዴ አስገብተው፣ ጫፉን ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም ሥር አደረሱት። ለወራት አብሮኝ ኖረ።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። ነገር ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ የቱቦውን አፍ በአልኮል ጠርጎ፣ እንዳይደፈን በጨው ውኃ ማጠብን ተማረ። ሽፋኑን ነርሷ በየሳምንቱ ትቀይረዋለች። ገላዬን ስታጠብ ውኃ እንዳይነካው ክንዴን በፕላስቲክ የሚጠቀልልልኝ እርሱ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ማገልገል እንጂ መገልገል አልለመድኩምና።

አንድ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ሙቀቴን ስለካ 38.5 ሆነ። 38 ከደረሰ ሳንውል ሳናድር እንድንደውል ተነግሮን ነበር፤ ጀርም በቱቦው ወደ ደም ሊገባ ይችላል፣ ኬሞቴራፒም የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። እኔ ግን ቴርሞሜትሩን ትራስ ሥር ደበቅሁት። በዚያው ሰሞን አንዲት እህት ጸልያልኝ «ተፈውሰሻል፤ ቱቦውን አስወጪው» ብላኝ ነበር። ሐኪም ቤት ብሄድ እምነት የጎደለኝ መሰለኝ። «እስኪነጋ እጸልያለሁ» አልኩ በልቤ።

ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰ። «ደህና ነኝ» ብዬ ዋሸሁ። ትራሱን አንሥቶ ቴርሞሜትሩን አገኘው፤ ደግሞም ለካኝ። አልተቆጣም። «የኔ ዓለም፣ መኪና ውስጥ እንጸልያለን፤ ተነሺ» አለኝ። መንገዱን ሁሉ እየጸለየ ነዳ። ደሜ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘበት። ቱቦው ወጣ፤ በአንቲባዮቲክ ታክሜ ዳንኩ፤ በኋላም ሌላ ቱቦ ገባልኝ።

ወገኖቼ፣ በዚያ ሌሊት እምነት ያልኩት ፍርሃት ነበር። የጳውሎስ የአገልግሎት ጓደኛ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበር እያወቅሁ፣ ጌታ በሐኪም እጅም እንደሚሠራ ዘነጋሁ። ባለትዳሮች ሆይ፣ ሕመማችሁን አትደባበቁ። ለታመመ ሰው ስትጸልዩም «ሙቀትሽን ለክተሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዛሬ ክንዴ ላይ የቀረው ትንሽ ጠባሳ ነው። ባየሁት ቁጥር የጌታን ምሕረትና በሳሙና የታጠቡትን የባሌን እጆች አስባለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን።