የሰው ወርቅና የገዛ ወርቅ

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ያጣምሙታል። አንዱ «እንግዲያስ ከሌላ ሰው ምንም አልማርም» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው ደግሞ ምሳሌውን ንቆ የሰውን ጌጥ ይዋስና በገዛ እናቱ ነጠላ ያፍራል። ሁለቱም ይጐዳሉ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማስረዳት የአንድ ሙዚቀኛን የሥራ ታሪክ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የምንዘምራቸው መዝሙሮች ቃላቸው አማርኛ፥ ዜማቸው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነበረ። በወረቀት ላይ የተጻፈ ዜማ ማንበብን ያወቅሁት ከዚያ ስለ ሆነ ውለታው አይረሳኝም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ቃሉ ቍልቍል ይወርዳል፤ መጥበቅ የሚገባው ፊደል ይላላል። በመከር ወራት ደግሞ የጉና ነፋስ ገብስ የሚያበራዩ ገበሬዎችን እንጉርጉሮ ከአውድማ እያነሣ በመስኮት ያስገባልን ነበረ። ያ ዜማ ከቃሉ ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። እኔም «እነዚህ ሁለቱ አንድ ቀን ተገናኝተው ይስማሙ ይሆን?» እያልሁ አስብ ነበረ። ካደግሁ በኋላ ለዚህ ጥያቄ በሥራው መልስ የሰጠ ኢትዮጵያዊ እንዳለ ተረዳሁ።

እኒህ ሰው አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ። በ1943 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ቤተ ሰቦቻቸው ምሕንድስና ተምረው እንዲመለሱ ብለው በብሪታንያ ዌልስ ወደሚባለው አገር ላኳቸው። በዚያ ሳሉ ግን ስጦታቸው በሙዚቃ በኩል ተገለጠ። እርሳቸውም «ስጦታ አለኝ» ብለው አልተኙም፤ በለንደን ከተማ ትሪኒቲ በሚባለው የሙዚቃ ኮሌጅ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በርክሊ በሚባለው ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደዚህ ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የገቡ የመጀመሪያው ተማሪ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል።

ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በዚያ ዘመን ከኩባና ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ሰዎች ሙዚቃ፥ የላቲን ሙዚቃ የሚባለው፥ ከተማውን ያስጨፍረው ነበረ። አቶ ሙላቱ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋራ ተባብረው ጓድ አቋቋሙና በ1966 ዓ.ም. «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎች አሳተሙ። የላቲን ሙዚቃ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩን የመረመረ ዘመድ ሆኖ ያገኘዋል። ኮንጋ የሚባለው የኩባ ከበሮ ዘሩ ከኮንጎ ምድር ነው። በባርነት ተሸጠው ውቅያኖስ የተሻገሩ አፍሪካውያን ከንብረታቸው አንዳች ሳይይዙ፥ የአገራቸውን ምት ግን በልባቸው ይዘው ሄዱ። ልጆቻቸውም ያንኑ ምት ከእስፓኞች ጊታርና ቋንቋ ጋራ አዋሐዱት። ስለዚህ አቶ ሙላቱ በኒው ዮርክ ያገኙት ከቤት የወጣ የአጎት ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንግዲህ አስተውሉ። አቶ ሙላቱ የኩባን ሰው ለመምሰል ቢሞክሩ ኖሮ ከብዙ የኩባ ሰዎች መካከል አንድ ተጨማሪ ይሆኑ ነበረ። እርሳቸው ግን የላቲኑን ምትና የአሜሪካውን ጃዝ ከተማሩ በኋላ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆየን ጨመሩበት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የእኛ ቅኝት በ5 ድምፅ የሚቆም ሲሆን የፒያኖው ገበታ 12 ድምፅ አለው። በቅኝቱ ላይ የባዕድ ድምፅ ያለ ልክ ቢደራረብበት፥ ብዙ ውሃ እንደ ገባበት ጠላ ይቀጥናል። ልኩን ለማወቅ የባዕዱንም የራስንም ጠንቅቆ መማር ያስፈልጋል። አቶ ሙላቱ ይህን ጥበብ «ኢትዮ ጃዝ» ብለው ሰየሙት።

ጠንቅቆ መማር የሚለው ቃል እኛን የደብረ ታቦርን ሰዎች ይመለከተናል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ አጠገባችን፥ በጋፋት ነው። የሠሩትም በሚሲዮን ስም የመጡ የአውሮፓ ባለ እጆች ነበሩ። በ1868 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሲሞቱ ባለ እጆቹ ከአገር ወጡ፤ መድፉ በተራራው ላይ ቀረ፥ ሙያው ግን ከባለ እጆቹ ጋራ ሄደ። ንጉሡ የሰውን ሙያ መሻታቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን በገዛ ልጆቻችን እጅ ያልገባ ሙያ እንግዳ ነውና ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል።

አቶ ሙላቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወዲያው ጭብጨባ ብቻ አልተቀበላቸውም። በ1973 ዓ.ም. ስመ ጥሩው ዱክ ኤሊንግተን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ታላቅ ደስታ ሆነ። ከዓመት በኋላ ግን አብዮት ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ሙዚቃ ቀዘቀዘ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። እርሳቸው በአገር ቤት ቈዩ። በ1998 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ስብስብ የቀድሞ ሥራቸው እንደ ገና ታተመ፤ በ2005 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ዲሬክተር በፊልሙ ውስጥ ዜማቸውን አሰማ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ጆሮውን ሰጠ። በ2012 ዓ.ም. የተማሩበት በርክሊ የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች እስከዚያ ፊልም 39 ዓመት ነው። ዛሬ ዘርቶ ነገ ለማጨድ የሚቸኵል ወጣት ይህን ቍጥር ደጋግሞ ያንብበው።

ነገር ግን ወጣቱን ብቻ መምከር አይበቃም፤ ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የሳልሳ ንግሥት የተባለችው የኩባዋ ዘፋኝ ሴሊያ ክሩዝ እንኳ አባቷ አስተማሪ እንድትሆን ነበረ የሚመኘው። የዘፋኝነት ስም ያላሳፈረው አገር ጥቂት ነው። እኔም በማስተምርበት ዘመን ክራር በመደርደር ጓደኞቹን የሚያስደንቅ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ክራሩን ሰበረበትና ወደ እኔ መጥቶ፥ «መምህር፥ ልጄን የሰጠሁዎ ለደመወዝ እንዲበቃ ነው እንጂ አዝማሪ ሆኖ በየጠጅ ቤቱ እንዲንከራተት አይደለም» አለኝ።

እኔም፥ «ጋሼ፥ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለመማር ስንት ዘመን ይፈጃል? ያን ሁሉ ዘመን ዜማ ሲማር የኖረውን መሪጌታ ብለው ይነሡለት የለምን? ዜማ በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል?» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እሱስ ለእግዚአብሔር ነው» አለና ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ።

የአባትን ስጋት አላቃልልም፤ የጠጅ ቤትን ኑሮ ያየ አባት ቢፈራ አይፈረድበትም። ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ ለደመወዝ በቃ፤ ወላጆቹንም ጦረ። ክራር ሲይዝ ግን ዳግመኛ አላየሁትም። ያ ልጅ ምን ዜማ ሊያመጣልን ይችል እንደ ነበረ ማንም ሊነግረን አይችልም። የተሰበረ ክራር በገንዘብ ይተካል፤ ያልተሰማ ዜማ ግን በምን ይተካል?

ስለዚህ ልጆቼ ሆይ፥ የባሕር ማዶውን ሙያ ለመማር አትፍሩ፤ ስትማሩም እስከ ሥሩ ተማሩ። ነገር ግን ወደ እንግዳ ቤት ስትገቡ ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ የማሲንቆውን ድምፅ፥ የአውድማውን እንጉርጉሮ፥ የአያታችሁን ተረት ይዛችሁ ግቡ። የገዛ ወርቁን የያዘ ሰው ከሌላው ወርቅ ጋራ አቅልጦ አዲስ ጌጥ ሊሠራ ይችላል። ባዶ እጁን የሄደ ግን ተውሶ ያጌጣል፤ ባለቤቱ ሲመጣም አውልቆ ይመልሳል።