የግንበኛ ልጅ በአክሮፖሊስ

አባቴ ግንበኛ ነው። ድንጋይ ጠርቦ፣ ቱንቢ ጥሎ፣ ውኃ ልክ እያየ አምስት ልጆች አሳድጓል። አሁን ዓይኑ ደክሟል። አቴና የምትኖረው እትዬ «ና እንጂ፣ ዘንድሮ እንኳ ልይህ» ብላ ስትጠራኝ፣ አባባ ከዚያ አገር የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት እየው። ድንጋዩን በምን እንዳያያዙት ጠይቅልኝ።»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ ለኅዳር ጽዮን አክሱም ይዞኝ ሄዶ፣ ከጥንቶቹ መቃብሮች በአንዱ ሁለት ጥርብ ድንጋዮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የተፈለፈለ ጎድጓዳ አገኘ። ጣቱን ከተተበትና ብዙ ቆየ። «እዚህ ብረት ነበር፤ ድንጋይን ከድንጋይ አጋብቶ የያዘ» አለኝ። ሌሎቹ ሐውልቱን ቀና ብለው ሲያዩ እሱ ያንን ጎድጓዳ ያይ ነበር።

እትዬ አቴና ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። አክሮፖሊስን ከአሠሪዎቿ በረንዳ ልብስ ስታሰጣ በየቀኑ ታየዋለች፤ ወጥታበት ግን አታውቅም። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት ስለሆነ፣ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ሐሙስ ከአስጎብኚ ጋር ለሚወጣ ቡድን ተመዘገብን።

አስጎብኚያችን ፀጉሯ የሸበተ ግሪካዊት ነበረች። በእንግሊዝኛ ነው የምታስረዳው። እትዬ የሆነ ነገር በግሪክኛ ስትጠይቃት ፊቷ በራ፤ ከዚያ በኋላ ሽቅቡን ሁሉ እጇን ይዛት ወጣች። በደቡቡ ተዳፋት በዲዮኒሶስ ቴአትር በኩል አልፈን ወደ ትልቁ መግቢያ ስንደርስ «ቀስ በሉ» አለችን። የስንት ዘመን እግር ያለሰለሰው እብነ በረድ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ኮረብታው ከባሕር ወለል 156 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ከተማው በሙሉ እግር ስር ነው፣ ከወዲያ ባሕሩ ያበራል።

አባባ ያለኝን ቤት፣ ፓርቴኖንን፣ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጭት ነው፤ አባባ እዚህ መቆም ነበረበት። ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ የሚባሉ ባለሙያዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ጀምረው በ432 አስጨረሱት። እብነ በረዱ ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው ከፔንቴሊ ተራራ ተፈልጦ የመጣ ነው። በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ቀጥሎ መስጊድ። እ.ኤ.አ. በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው። አስጎብኚዋ መድፉ የተተኮሰበትን ኮረብታ በጣቷ አሳየችን። በጣም ቅርብ ነው።

የአባባን ጥያቄ ጠየቅኳት። ቆም ብላ አየችኝና «ማን ነው የጠየቀው?» አለች። ነገርኳት። ከዚያ ቡድኑን ሁሉ ወደ አንድ የወደቀ ድንጋይ ሰበሰበች።

ጭቃም ኖራም የለውም አለች። ድንጋዩን እርስ በርሱ ፀጉር እስከማያስገባ ድረስ ሞርደው ገጠሙት። በብረት ማያያዣ አሰሩት፤ ብረቱ ላይ ደግሞ የቀለጠ እርሳስ አፈሰሱበት። እርሳሱ ውኃና አየር ስለከለከለው ብረቱ ሳይዝግ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈ። ጉዳቱ የመጣው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ጥገናውን የመራው መሐንዲስ ኒኮላዎስ ባላኖስ አዲስ ብረት ያለ እርሳስ አስገባ። ብረቱ ዝጎ አበጠና እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው ኮሚቴ ያንን ብረት እያስወጣ በቲታኒየም ሲተካ ቆይቷል፤ እኛ ስንወጣም ክሬኑ እዚያው ቆሞ ነበር። የጎደለውን የሚሞሉት ከዚያው ከፔንቴሊ በመጣ ድንጋይ ነው። አዲሱ ነጭ ነው፣ አሮጌው ማር ይመስላል፤ የቱ የማን ዘመን እንደሆነ በዓይን ይለያል። ይህ ሐቀኝነታቸው ልቤን ነካው።

«በእጄ ልንካው?» አልኳት። ክልክል ነው አለች፤ አዝናለች።

ቀጥሎ ከሕንፃው ጥግ አቆመችንና በደረጃው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለን ወደ ሌላው ጫፍ እንድናይ አዘዘችን። አየሁ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም! መሐሉ ላይ እንደ ጀርባ ጎበጥ ይላል፤ 70 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ጎን 11 ሳንቲሜትር ያህል። ዓምዶቹም ወደ ውስጥ ዘንበል ብለዋል፣ ወገባቸውም ትንሽ ወፈር ይላል። ቀጥ ተደርጎ ቢሠራ ለዓይን የረገበ ይመስል ስለነበር ነው አለች። ቱንቢ ከተዛነፈ አፍርሱት ሲል እየሰማሁት ያደግኩትን አባቴን አሰብኩ። አንድም ቀጥ ያለ መስመር የሌለው ሕንፃ፣ ቀጥ ብሎ የሚታይ።

ስንወርድ እትዬ አርዮስፋጎስን ካላየሁ አልሄድም አለች። ቅዱስ ጳውሎስ የሰበከበት፣ ዲዮናስዮስ ያመነበት ዓለት ነው። ከሥሩ የሐዋርያት ሥራ ቃል በጥንቱ ግሪክኛ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። እትዬ ጣቷን በአየር ላይ እያስኬደች፣ እየተደነቃቀፈች አነበበችውና በአማርኛ ነገረችኝ። አንብባ ስትጨርስ ዓለቱን ተሳለመችው። አሥራ አራት ዓመት ልብስ ስታሰጣ ያየችው ኮረብታ ሥር ይህ ሰሌዳ እንዳለ አታውቅም ነበር፤ ነጠላዬን ይዤ በመጣሁ ብላ እስክንወርድ ድረስ ተጸጸተች።

ማታ ከእትዬ ክፍል ለአባባ ደወልኩለት። የእርሳሱን ነገር ስነግረው «እሰይ» አለ፣ ራሱ የሠራው ይመስል። የወለሉን ግን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

«መሐሉ ከፍ ይላል?»

«አዎ አባባ። ለዓይን ብለው ነው ይላሉ።»

ዝም አለ። እስትንፋሱን እሰማለሁ።

«ለዓይንም ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን ዝናብ ሲመጣ ውኃው እንዳይተኛበት ነው፣ ልጄ። ወደ ዳር እንዲወርድ። ስንት ነው ያልከኝ ከፍታው?»

«አሥራ አንድ ሳንቲም። በሰባ ሜትር።»

በልቡ ሲያሰላ ቆየ።

«ይበቃል» አለኝ።