በዘመን ተለያይተው በኖሩ ጀግኖች ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

አውድማ እንደ ነፋሱ፥ ዘመን እንደ ንጉሡ ይላሉ አባቶቻችን። ገበሬ ምርቱን በሚያዘራበት ቀን ነፋስ ቢነፍስለት ፍሬው ከገለባው ቶሎ ይለይለታል፤ ነፋስ ባይነፍስለት ግን ክንዱ የበረታ ቢሆንም እንኳ ሥራው ይዘገይበታል። እንግዲህ የሁለት ገበሬዎችን ትጋት ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው፥ የእህሉን ክምር ብቻ አይቶ የነፋሱን ነገር ሳይጠይቅ ቢፈርድ ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል።

ይህን ያነሣሁት ስለ እርሻ ልናገር አስቤ አይደለም። ወጣቶች ስለ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ከማይጠፉት ክርክሮች አንዱ፥ ከአሜሪካ ተጫዋቾች መካከል ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚለው ነው። አንዱ ማይክል ጆርዳን ይላል፤ ሌላው ሌብሮን ጄምስ ይላል፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን የሚጠራ ሰው ቢገኝ ደግሞ «የዚያ ዘመን ጨዋታ ምን ጨዋታ ነበረ?» ተብሎ ይሣቅበታል። እኔ ክርክሩን መስማት እወዳለሁ፤ ሣቁን ስሰማ ግን አዝናለሁ። ከሚሣቅባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋልና፥ ቆመው ሊመልሱ አይችሉም። በሌለ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነ ፍርድ ሁሉ ግን ቅን ፍርድ አይደለም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ይህን ጨዋታ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በ1891 ዓ.ም. ሲጀምር (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የኮክ መያዣ ቅርጫት ሰቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከቀደሙት ታላላቆች አንዱ ጆርጅ ማይከን ቁመቱ 2.08 ሜትር ነበረ። ከቅርጫቱ ሥር ሲቆም የሚችለው ስለ ታጣ፥ አጥቂ ከሦስት ሴኮንድ በላይ እንዳይቆምበት የተከለከለው ስፍራ በ1951 ዓ.ም. ከ1.83 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ሰፋ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተቃራኒዎቹ እርሱን ፈርተው ኳሱን ይዘው በመቆም፥ ቡድኑን 19 ለ18 አሸንፈውት ነበር፤ ከ18ቱ ነጥቦች 15ቱን ያገባ እርሱ ነው። ቡድን ኳሱን በያዘ በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲወረውር የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያን ቀን 15 ነጥብ ያገባውና በዛሬ ዘመን 40 የሚያገባው ሰው በቍጥር ብቻ ሊመዘኑ ይችላሉን?

ዊልት ቻምበርሌን ማርች 2 ቀን 1962 ዓ.ም. በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አገባ፤ በዚያ የውድድር ዓመት በያንዳንዱ ጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አገኘ። የሚነቅፉት ሰዎች ተቃራኒዎቹ ደካሞች ነበሩ ይላሉ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ የነበሩት ቡድኖች 9 ብቻ ስለ ሆኑ፥ ከዚያ ሁሉ አገር ተመርጠው የሚገቡት ተጫዋቾች መቶ ያህል ነበሩ። ደግሞም ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ ማግኘት በማኅበሩ የተፈቀደው በ1979 ዓ.ም. ነው። በሌላው ወገን ደግሞ እውነቱን ለመናገር፥ ያን ጊዜ ቡድኖች ከዛሬው ይልቅ በፍጥነት እየተመላለሱ ብዙ ጊዜ ይወረውሩ ነበርና፥ ለቍጥሩ መብዛት ነፋሱ ረድቶታል። ቅን ዳኛ ሁለቱንም ይናገራል።

የእኔ ልብ የሚያደላው ግን ለቢል ራስል ነው። ይህ ሰው ከቦስተን ቡድን ጋር በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ትልቁ ጥበቡ ተቃራኒው የወረወረውን ኳስ በአየር ላይ መመለስ ነበር፤ ማኅበሩ ግን የተመለሱትን ኳሶች መቍጠር የጀመረው ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፥ እርሱ በ1969 ዓ.ም. ጨዋታ አቁሞ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በበለጠበት ሥራ መዝገቡ ባዶ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሌክሲንግተን ከተማ ጥቁር የሆኑ የቡድኑ ጓደኞች በሆቴሉ ምግብ በተከለከሉ ጊዜ፥ ራስል ከእነርሱ ጋር አልጫወትም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህንንም የሚቈጥር መዝገብ የለም። በፍጻሜው ውድድር ከሁሉ ለበለጠ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት በ1969 ዓ.ም. ሲጀመር፥ ያሸነፈው የራስል ቡድን ሆኖ ሳለ ተሸላሚው ከተሸነፈው ወገን ጄሪ ዌስት ሆነ። ሽልማቱ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠራው በራስል ስም ነው፤ ራስል ግን በተጫዋችነቱ አንድም ጊዜ አልተቀበለውም። ከዚህ የምንማረው፥ ሰው ያላየው ወይም ያልቈጠረው ሥራ ሁሉ አልተሠራም ማለት እንዳልሆነ ነው።

ታዲያ በዕድሜ የገፉትም ከዚህ በደል ንጹሓን አይደሉም። ስቴፈን ከሪ ከሩቅ ሲወረውር አይተው «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ በእኛ ጊዜ ቢሆን በትከሻ ገፍተው ይጥሉት ነበር» የሚሉ አሉ። ከሪ ግን በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. መካከል በነበረው ውድድር ከሩቅ 402 ጊዜ አገባ፤ ከእርሱ በፊት 300 እንኳ የደረሰ ሰው አልነበረም። መሥመሩ ለሁሉም ተሠምሮ ነበር፤ እርሱ ግን ሌሎች ያላዩትን አየበት። ወጣት የሞተውን ቢንቅ፥ ሽማግሌም በቅናት ያለውን ቢንቅ፥ ጥፋቱ አንድ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ መከራከሩን አትተዉ፤ የክርክሩን ሚዛን ግን አቅኑ። ስለ አንድ ሰው ታላቅነት ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ዘመኑ ምን ሰጠው? እርሱስ በተሰጠው ላይ ምን ጨመረበት? ለሚከተሉትስ ምን ትቶላቸው ሄደ? ማይከን ደንቡን አስለወጠ፤ ራስል ኳስ መመለስ ከማግባት የማያንስ መሆኑን አሳየ፤ ከሪ የሜዳውን ስፋት ገለጠ። እነዚህ በአንድ ገመድ የሚለኩ ነገሮች አይደሉም።

ካሪም አብዱል ጀባር በጠቅላላ ያገባው 38,387 ነጥብ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ሳይደረስበት ቈየ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 ዓ.ም. ሌብሮን ጄምስ በበለጠው ጊዜ፥ ካሪም በስፍራው ተገኝቶ ኳሱን ከፍ አድርጎ ካሳየ በኋላ በእጁ አስረከበው። ታላቁ ለታላቁ ክብር ሲሰጥ ከራሱ ክብር የጐደለበት የለም። እነርሱ እንዲህ ከተከባበሩ፥ እኛ ተመልካቾች አንዱን ለማክበር ሌላውን የምናዋርደው ስለ ምንድር ነው? የቀደሙትን በቅን የሚመዝን ትውልድ፥ እርሱም በተራው በቅን ሊመዘን ይገባዋል፤ ነገ ሌሎች በእኛ ሥራ ላይ ይፈርዳሉና።