ከአዲስ አበባ አሰላ ስንት ሰዓት ነው?

«በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ፣ አሰላ አያቷ ዘንድ እንደምንሄድ ስነግራት። አምና ድሬዳዋ የሄድነው በአውሮፕላን ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣ መንገድ ሁሉ ከቦሌ የሚጀምር መስሏታል።

ወደ አሰላ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የለም። ቢኖር ኖሮ፣ በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ርቀቱ ወደ 125 ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና፣ ከመነሳት እስከ ማረፍ ግማሽ ሰዓት ባልፈጀ ነበር። የአርሲው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1990 ዓ.ም. የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የፈጀበት 26 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነበር። «እንግዲያው አውሮፕላኑና ኃይሌ እኩል ይጨርሳሉ ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

በመኪና መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተን፣ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ገብተን ቁርስ በላን። የቀረን 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ዳገት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ስትሆን፣ አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች።

ይህን ቁጥር ልጆች በገላቸው ያነቡታል። አዋሽ መልካሳ ላይ ሹራባቸውን አውልቀው መስኮት ከፈቱ። ዴራን አልፈን ስንወጣ ግራሩ እየሳሳ ሄደ። ኢተያ ላይ የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ተዘረጋ፤ መስኮቱም ተዘጋ። የስንዴ ዝርያዎች የሚወጡበት የምርምር ማዕከል ያለበት ኩሉምሳ ስንደርስ ሹራቡ ተመልሶ ተለበሰ። በስተግራ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ቆሟል። ጊዜ ያላችሁ ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥሉ፤ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ትቀበላችኋለች። ወፍራም ጃኬት ግን አትርሱ።

እኔ ግን ከአሰላ አላለፍኩም። ልጆቼ በአካባቢው ወግ «አኮ» የሚሏት እናቴ እዚያ አለች። ከዓመት በላይ አላየኋትም። በስልክ «መቼ ትመጣለህ?» ስትለኝ «ሥራ በዛ፣ መንገዱም ሩቅ ነው» እላት ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሯ ላይ ነበርን፤ ቁርሳችንም ተቆጥሮ።

በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ደውላ «የት ደረሳችሁ?» ስትለኝ ስጋት መስሎኝ ነበር። ቤት ገብተን ስንቀመጥ ልጄ አያቷን ጠየቀቻት፤ «አኮ፣ ቡናው እንዴት ልክ ስንገባ ደረሰ?»

«ዴራ ስትሉኝ ከሰል አያያዝኩ» አለች እናቴ። «ኢተያ ስትሉኝ ቡናውን ቆላሁ። ኩሉምሳ ስትሉኝ ጀበናውን ጣድኩ።»

ለእሷ መንገዱ ይህን ያህል ነው። «ሩቅ ነው» ያልኳት እኔ፣ የመጀመሪያውን ስኒ አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ።