ቀድሞ የተሰማ ሳቅ

በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ እምብርት የፊልም ሠሪዎች አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። በመካከሉ የቆመው ሐውልት በፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ወይም ጠመንጃ ያነገበ አርበኛ አይደለም፤ የካሜራ መነጽርና የፊልም መጠቅለያ ተደራርበው ወደ ሰማይ የወጡ የሚመስል ግንብ ነው። ከተማይቱ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን ፊልሞች እየሰበሰበች ለሕዝብ ስታሳይ ኖራለች። ፌስፓኮ በሚል አጠራር የሚታወቀው ፌስቲቫል ብዙውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ በየካቲት ይከፈታል፤ 27ኛው ግን በወረርሽኙ ሳቢያ ተገፍቶ ከጥቅምት 6 እስከ 13 ቀን 2014 ዓ.ም. (በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከኦክቶበር 16 እስከ 23 ቀን 2021) ተካሄደ። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰልፈኛ በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላቡን እየጠረገ ይጠብቃል።

ከሰልፈኞቹ መካከል ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ነበሩ። የተወለዱት ድሬዳዋ ነው፤ ጅቡቲ ከተማ ከገቡና አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍተው መኖር ከጀመሩ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቧል። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያመጣቸው ፊልም ሳይሆን የልጅ ናፍቆት ነው። ሴት ልጃቸው በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥራ ዋጋዱጉ ትኖራለች። ወይዘሮዋ ሲኒማ ቤት ገብተው የሚያውቁት በልጃገረድነታቸው በድሬዳዋ ነበር፤ ያኔም ያዩት የሕንድ ፊልም ነው፤ ዘፈኑን እንጂ ታሪኩን አያስታውሱትም። እናም ልጃቸው «እማዬ፣ ዛሬ የጅቡቲን ፊልም አሳይሻለሁ» ስትላቸው ብዙ አልተደነቁም። ሠላሳ ዓመት ያዩትን ከተማ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ መሰለፍ ሞኝነት መሰላቸው።

የፊልሙ ርእስ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ነው። ዳይሬክተሩ ኻደር አይደሩስ አሕመድ በሞቃዲሾ ተወልዶ በልጅነቱ በስደት ፊንላንድ የገባ ሶማሌ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በጅቡቲ ሲሆን ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገሩት በሶማሊኛ ነው። መብራቱ ጠፍቶ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ሲሰሙ ወይዘሮዋ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። አዳራሹን የሞላው የቡርኪና፣ የሴኔጋል፣ የማሊና የአይቮሪ ኮስት ተመልካች ከሥር የሚታየውን የፈረንሳይኛ ትርጉም ያነባል፤ እርሳቸው ግን ጽሑፉን መከታተል አላስፈለጋቸውም። ሰዎቹ ሲቀላለዱ የወይዘሮዋ ሳቅ ይቀድማል፤ የአዳራሹ ሳቅ ዓይን ንባቡን እስኪጨርስ ዘግይቶ ይከተላል። በሁለተኛው ጊዜ ፊት ለፊት የተቀመጡ ወጣቶች ዞረው አይዋቸው። በሦስተኛው ጊዜ እርሳቸው ሲስቁ እነዚያ ወጣቶች ምን እንደ ተባለ ሳያነቡ አብረዋቸው መሳቅ ጀመሩ። ልጃቸው አንገቷን ደፋች፤ አፍራ ይሁን ኮርታ ራሷም በውል አላወቀችውም።

ታሪኩ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች የሚያልቅ ነው። ጉሌድ የሚባል ሰው አካፋውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በሆስፒታል በር ላይ ይቀመጣል። አስከሬን ሲወጣ ተሯሩጠው ይቆፍራሉ፤ አስከሬን ካልወጣ እንጀራ የለም። የዚህ ሰው ሚስት ናስራ በኩላሊት ሕመም ቤት ውስጥ እየደከመች ነው። ቀዶ ሕክምናው 5,000 ዶላር ይጠይቃል። ማሐድ የሚባል ልጅ አላቸው፤ ትምህርት ቤት እንዲውል ቢላክም ልቡ መንገድ ላይ ነው። ይኸው ነው።

ዳይሬክተሩ ከዚህ ነገር ልቅሶ መጭመቅ ይችል ነበር። በሞት የሚኖር ሰው ሞት ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን መናገር ለማንኛውም የፊልም ደራሲ ትልቅ ፈተና ነው፤ ብዙዎቹም ሙዚቃውን ከፍ አድርገው፣ ተዋናይቱን አስለቅሰው፣ ተመልካቹን መሐረብ አስይዘው ያልፉታል። እዚህ ግን ካሜራው አይቸኩልም፤ አይጮህምም። ቆፋሪዎቹ በጥላ ሥር ተቀምጠው የሚቀላለዱትን ቀልድ እንደ ዘበት ያስደምጣል፤ ያ ሁሉ ጨዋታ የሚካሄደው የሰው ሞት እየተጠበቀ መሆኑን ተመልካቹ ከሳቀ በኋላ ነው የሚያስታውሰው። ወይዘሮዋ መጀመሪያ የሳቁት በዚህ ቦታ ነበር፤ መጀመሪያ የደነገጡትም በዚሁ ቦታ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው የባልና ሚስቱ ፍቅር ነው። የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች በዓለም ፊልም ላይ ሲታዩ አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃ ይዘው፣ ተርበው ወይም በጀልባ ተጭነው ነው። ጉሌድና ናስራ ግን ይሽኮረመማሉ። ከዕለታት አንድ ቀን አምረው ለብሰው ማንም ያልጠራቸው ሰርግ ይገባሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይጨፍራሉም። ይህ ትዕይንት አጭር ቢሆንም የፊልሙ ልብ ያለው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦማር አብዲ ጉሌድን ሲጫወት ፊቱ ላይ አንዳች የተጋነነ ነገር የለም፤ በሞዴልነት የምትታወቀው ያስሚን ዋርሳሜም ናስራን ስትሆን ውበቷን ደብቃ ሳይሆን ከነውበቷ ታማ ነው የምትታየው። በሰርጉ ትዕይንት አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው በገዛ ቋንቋቸው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ምርቃት ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ አልሳቁም። ጉሌድ ገንዘቡን በከተማ ሊያገኘው ስላልቻለ ወደ ትውልድ መንደሩ ይነሣል፤ የሚሄደውም ድርሻዬ ነው የሚላቸውን ፍየሎች ለመጠየቅ ነው። እርሱና ናስራ ግን በወጣትነታቸው የዘመድን ፈቃድ ጥሰው የኰበለሉ ናቸው፤ መንደሩ አልረሳውም። መንገዱ ረጅም ነው፤ አገሩ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ሰውየው በእግሩ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከአዳራሹ አንዳንዱ በዚህ ክፍል ሰዓቱን አየት አድርጓል። እውነት ለመናገር የመንገዱ ክፍል ጥቂት ቢያጥር ፊልሙን አይጎዳውም ነበር፤ ነገር ግን ፊልሙ በሙሉ 82 ደቂቃ ብቻ ነው። ለወይዘሮዋም አልረዘመባቸውም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ልጃቸው ስለ ካሜራው፣ ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለሙ ታወራ ነበር። ወይዘሮዋ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡና፣ «አጎትሽም በኩላሊት ነው የሞተው» አሉ።

ይህን ልጅቱ ታውቃለች። የማታውቀው የቀረውን ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ድሬዳዋ ሲታመም ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንዲታከም ተነገረ። ቤተሰቡ ያለውን ሸጠ፤ የጎደለውን እርሳቸው ከጅቡቲ እንዲያመጡ ተማከረ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያውያን ሴቶች ጋር ዕቁብ ይጥሉ ነበር፤ ዕጣው ሊደርሳቸው የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ጓደኞቻቸው ዕጣውን እንልቀቅልሽ ቢሏቸውም «ተራዬን እጠብቃለሁ፣ ሰው አላስቸግርም» አሉ። በሳምንቱ ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው ባቡር ተሳፈሩ። ድሬዳዋ ሲደርሱ ዕድርተኛው ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንድማቸውም በዋዜማው ተቀብሮ አገኙት። ገንዘቡን ለማንም ሳያሳዩ ይዘውት ተመለሱ። ምግብ ቤቱ የተከፈተው በዚያ ገንዘብ ነው።

«አንድ ሳምንት» አሉ ወይዘሮዋ። «ያ ሰውዬ በእግሩ ሄደ። እኔ ባቡር ነበረኝ።»

ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ከዚያች ምግብ ቤት በወጣ ገንዘብ ነው የተማረችው።

በማግስቱ እናትና ልጅ እንደገና ተሰለፉ፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮዋ ናቸው። ያዩት የሄይቲይቱ ጄሲካ ጄኔዩስ የሠራችውን «ፍሬዳ» ነበር። ፖርቶ ፕሪንስ ውስጥ አንዲት እናት በትንሽ ሱቅ ልጆቿን ታሳድጋለች። ፍሬዳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እኅቷ አስቴር ሀብታም አግብታ ቤተሰቡን ከድህነት እንድታወጣ ይጠበቅባታል፤ የፍሬዳ ወዳጅ ደግሞ ከአገር ወጥተን እንኑር ይላታል። ውጭ መንገዱ በተቃውሞ ሰልፍ ታውኳል። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባም፣ በአስመራም፣ በሞቃዲሾም በየማጀቱ የሚነሣ ነውና ፊልሙ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ አይመስልም። የእናትየዋ ነገር በተለይ ይደንቃል። ዳይሬክተሯ በክፋት አትከሳትም፤ በደግነትም አትቀባባትም። ልጇን እንደ ሸቀጥ ስታሰናዳ ያየናትን ሴት ቀስ በቀስ ምን እንዳደረሳት እንድንረዳ ታደርገናለች። የቱ ይበልጣል ቢባል በአሠራር ብስለት «ፍሬዳ» ከቆፋሪው ፊልም አያንስም፤ ምናልባትም በጭውውቱ ፍጥነት ይበልጠዋል። ወይዘሮዋ ግን በፍርዳቸው ጸኑ፤ «ይህቺ ጎበዝ ናት፤ ያ ግን የእኛ ነው» አሉ።

ሦስተኛው የቱኒዚያዊቷ የለይላ ቡዚድ «የፍቅርና የመሻት ታሪክ» ነው። በፓሪስ ዳርቻ ያደገ፣ ወላጆቹ ከአልጄሪያ የመጡ ዓይን አፋር ወጣት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቱኒስ ከመጣች ተማሪ ጋር ይተዋወቃል፤ የጥንት ዐረቦች ስለ ፍቅር የጻፉትን ሲያነቡ የአባቶቹን ቋንቋ አለማወቁ ያሳፍረዋል። ለስለስ ያለ፣ የተማረ፣ አልፎ አልፎም ከልክ በላይ የተጠነቀቀ ፊልም ነው። ወይዘሮዋ በመካከሉ ትንሽ እንቅልፍ ወሰድ አደረጋቸው።

በመዝጊያው ምሽት በሞሪታንያዊው አብደራህማን ሲሳኮ የሚመራው የዳኞች ጉባኤ ውሳኔውን አስታወቀ። ነሐሱ ለለይላ ቡዚድ፣ ብሩ ለ«ፍሬዳ»፣ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስና 20 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ለ«የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ተሰጠ። የኔንጋ በሞሲዎች ትውፊት በፈረስ የምትጋልብ ልዕልትና የነገሥታቱ እናት ናት። ይህ የወርቅ ፈረስ ወደ እኛ አካባቢ ሲመጣ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እዚሁ ዋጋዱጉ ላይ አሸንፏል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቶ ነበር። የጀርመኑን ትምህርት ጨርሶ ወደ አብዮቱ እሳት የተመለሰውን ሐኪም፣ የአንበርብርን ታሪክ፣ አንባቢ ያስታውሰዋል። ነገር ግን «ጤዛ»ን ያየ ስንት ጅቡቲያዊ ይኖራል? የቆፋሪውን ፊልምስ ያየ ስንት አዲስ አበቤ? በአንድ ባቡር ሐዲድ የተሳሰሩ፣ ጫትና ጨው የሚለዋወጡ፣ በአንድ ወደብ የሚኖሩ ሰዎች የሙምባይንና የሆሊውድን ፊት ከጎረቤታቸው ፊት አብልጠው ያውቃሉ። አንዱ የሌላውን ፊልም ለማየት አህጉሩን አቋርጦ የፈረንሳይኛ ትርጉም ከሥሩ የተጻፈበትን ቅጂ መፈለግ አለበት። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም አሳይቶ ነበር፤ ሁለት አጫጭር ፊልሞች ናቸው፤ የመግቢያው ዋጋም 10 ዶላር ነበር። ለብዙ ሰው ከባድ ዋጋ ነው። ቢሆንም በር ተከፍቷል። «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት»ም ሶማሊያ ለኦስካር ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልም ለመሆን በቅቷል።

ወይዘሮዋ ውጤቱን በልጃቸው ስልክ ሲሰሙ እልልታቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የቤቱ ዘበኛ ልጅ ተዳረ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ ፊልሙን ሊይዙት አልቻሉም፤ የሚሸጥበትንም ቦታ የነገራቸው የለም። ስለዚህ በቃላቸው ወሰዱት። በምግብ ቤቱ ማጀት ለሚሠሩት ሁለት የሶማሌ ልጃገረዶች ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር፣ ተረኩላቸው፤ አካፋውን፣ ያልተጠሩበትን ሰርግ፣ ፍየሎቹን፣ መንገዱን። ቀልዱን እንደ ሰሙት በሶማሊኛ፣ የቀረውን በአማርኛ ነው የነገሯቸው። በሦስተኛው ቀን ጉሌድን ከመንደሩ አነሡትና ዝም አሉ። ልጃገረዶቹ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቁመው፣ «ከዚያስ፣ እማማ? ደረሰላት?» አሉ።

ወይዘሮዋ ምጣዱን አሰሱና ሊጥ ቀዱ። «ፊልሙ ሲመጣ ታዩታላችሁ» አሉ።