መንግሥት አልከሰስኩም

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፤

ሰሞኑን ስደውል እማዬ «አባትሽ መንግሥት ከሰሰች ብለው እንቅልፍ አጥተዋል» አለችኝ። ኧረ አልከሰስኩም! የጠየቅሁት ወረቀት ነው። ከሥሩ ላጫውትዎ።

ወንድሜን ያውቁታል፤ ጭንቁን ለሰው አይናገርም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲበዛበት አንድ ድርጅት ደውሎ «በግማሽ እናስቀንስልሃለን» አለውና ምንም ሳይሠራለት በየወሩ ክፍያ ሰበሰበበት። በስልክ እያግባባ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ዕዳው ሳይቃለል ገንዘብ እንዳይቀበል እዚህ አሜሪካ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። እሱ ይህን ከየት ይወቅ?

ጠበቃ ከመያዛችን በፊት፣ በዚህ ድርጅት ያማረረ ሌላ ሰው መኖሩን ማወቅ ፈለግሁ። የተታለለ ሰው አቤት የሚልበት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ በ1914 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ዋሽንግተን መሃል ካለው ሕንጻው ውጭ ከፈረስ ጋር የሚታገል ሰው ሐውልት ቆሟል። ፈረሱ ንግድ ነው አሉ። ከሰውየው እሱ ይገዝፋል፤ ቀራጩ ነገሩ ገብቶታል።

ኮሚሽኑ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ይዞ አይከራከርለትም፤ ቅሬታውን መዝግቦ ለሕግ አስከባሪዎች ያካፍላል። የመዝገቡን ቅጂ ግን ማንም መጠየቅ ይችላል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1966 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የመረጃ ነጻነት ሕግ ነው ይህን የፈቀደው። ዜግነት አይጠይቁም፣ ግሪን ካርድ አሳዪ አይሉም።

ማመልከቻውን ስጽፍ እርስዎ ትዝ አሉኝ። መዝገብ ቤት ሳሉ ባለጉዳይ «ፋይሌን አውጡልኝ» ሲልዎት «ቁጥሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን!» ይሉት ነበር። እኔም «ያላችሁን ሁሉ» ብዬ ብጽፍ ማን ያገኝልኛል? የድርጅቱን ስምና አድራሻ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብዬ ወሰንኩ፤ የቅሬታው ሙሉ ቃል ይካተትልኝ፣ ክፍያ ካለው አስቀድማችሁ ንገሩኝ አልኩ። ለግል ጉዳይ የጠየቀ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፍለጋ ሰዓታትና 100 ገጾች በነጻ ያገኛል። መልስ በ20 የሥራ ቀናት እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ ጉዳዩ ከሰፋ ይራዘማል።

መልሱ በኢሜይል መጣ። የአቤት ባዮቹ ስም፣ ስልክና አድራሻ ተሸፍኗል፤ ገመናቸው ነውና ደግ ተደረገ። የቀረው ቀኑ፣ ግዛቱ፣ የከፈሉት ገንዘብና በገዛ አንደበታቸው የጻፉት ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ በአንድ አነበብኩት። ከሩቅ ግዛት ያለች ሴት የጻፈችው ቁርጥ የወንድሜን ታሪክ ነው፤ ያው «በግማሽ»፣ ያው የየወሩ ክፍያ፣ ያው «ከባንኩ ጋር እንዳትነጋገሪ» የሚል ማስጠንቀቂያ። እርግጥ ቅሬታ ስለተመዘገበ ብቻ እውነት ነው አይባልም፤ ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት ብዙ ቅሬታ ቢቀርብበትም አይገርምም። ስለዚህ ብዛቱን ትቼ አካሄዱን አየሁ። የማይተዋወቁ ሰዎች በየፊናቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ግን እንዴት ዝም ተብሎ ይታለፋል?

የእርስዎ ልጅ ብቻ መዝገቡ ውስጥ የለም። አቤት አላለማ! የእኛ ሰው «ማን ይሰማኛል፣ ደግሞ ስሜ ይነሳል» ይላል። ስም እንደሚሸፈን ለወንድሜ ሳሳየው ለስለስ አለ፤ ቅዳሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የአቤቱታውን ቅጽ ሞላ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው በስልክ አስተርጓሚ ስላለ ለዕድርተኞቼም ነግሬያለሁ።

«እኛስ አገር?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለልዎት፤ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል፤ የተከለከለም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ጡረተኞቹ ጓደኞችዎ ዘንድ ያንሱት፤ ማመልከቻ አጻጻፍ እንደሆነ እርስዎን የሚያህል የለም።

ወንድሜ ሲደውል ስለ ዕዳው እንዳያነሱበት አደራ፤ የነገርኩዎት እኔ መሆኔን ካወቀ ያኮርፈኛል። የያዝናት ጠበቃ ወረቀቱን አይታ የምትለውን እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ